ስንት ጣት ይሰምጣል?

አጎቴ የመኪና መቀመጫ ሲሠሩ 40 ዓመት ሊሞላቸው ነው። ሙያውን የጀመሩት ድሬ ዳዋ ነው፤ ያስተማሯቸውም በምድር ባቡር የጥገና ክፍል የፉርጎ መቀመጫ ይሰፉ የነበሩ አዛውንት ናቸው። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ፣ ከአንድ ጋራዥ ጎን፣ ጠባብ ታፒሴሪያ ቤት አለቻቸው። እኔ የተማርኩት ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ነው፤ ከሁሉ የወደድኩት ደግሞ የንዝረት ትምህርት ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ እሳቸው ዘንድ ሄጄ ሲባጎ እየያዝኩላቸው እንጨዋወታለን። ያን ቀን ስደርስ የአንድ አሮጌ ፊያት ኤንትሬ የሹፌር መቀመጫ ሆዱ ተዘርግፎ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል።

ጋሼ፦ ነይ፣ ግቢ። ይኸን ታውቂዋለሽ?

እኔ፦ የባለ ኤንትሬው አይደል? ካቻምና ስፖንጅ የሞሉለት።

ጋሼ፦ እሱ ነው። ዛሬ በጠዋት ራሱ ነቅሎ አመጣው። «ጋሼ፣ ወገቤን ጨረሱት» አለኝ። እስከ ዛሬ እንዲህ ያለኝ ሰው የለም። ዕቃ ሰስቼበት ቢሆን እሺ፤ ግን 15 ሳንቲም ስፖንጅ ነው ያስገባሁለት፣ ያውም የተመረጠ። በመዳፍሽ ስትጫኚው እንዴት እንደሚወርድ እዪው።

እኔ፦ እዚህ ቤት ተቀምጠው ሲሞክሩት ምን አሉ?

ጋሼ፦ መርቆኝ ነው የሄደው። «አልጋ ነው» አለ።

እኔ፦ እዚህ ቤት እኮ መሬቱ አይነቃነቅም፣ ጋሼ። ባለፈው ሳምንት ወገባቸውን እንደሚያማቸው ሲነግሩኝ አብሬያቸው እስከ ጠጠሩ መንገድ ሄጄ ነበር። ሁለት ስልክ ይዤ አንዱን ወለሉ ላይ በፕላስተር አጣበቅኩት፣ ሌላውን በእሳቸውና በትራሱ መሀል አስገባሁት። ስልክ ውስጥ ንቅናቄ የሚለካ መሣሪያ አለ። ኮረኮንቹ ላይ ስንገባ ይበልጥ ሲናጥ የነበረው ወለሉ ሳይሆን እሳቸው የተቀመጡበት ነው።

ጋሼ፦ ትራሱ ጨመረበት ነው የምትዪኝ?

እኔ፦ ጨመረበት። በሁሉም ዓይነት ንዝረት አይደለም። በሰከንድ 4 ጊዜ አካባቢ የሚመጣውን ተቀብሎ አሳድጎ ነው ለወገባቸው የሚያደርሰው። የእርስዎ ሥራ ጉድለት አይደለም፤ ስፖንጅ መቀመጫ ሰው ሲቀመጥበት ጠባዩ ይኸው ነው። ትልልቆቹ የመኪና ፋብሪካዎች ሲለኩም የሚያገኙት እዚያው 4 አካባቢ ነው።

ጋሼ፦ እንግዲህ እኔ ለሰው እረፍት ሠራሁ ብዬ ስተኛ ኖሬያለሁ። ንገሪኝ፣ ምኑ ላይ ነው ያጠፋሁት?

እኔ፦ መጀመሪያ እርስዎ አንድ ነገር ይንገሩኝ። መቀመጫ ሠርተው ሲጨርሱ ለመንገድ እንደሚሆን በምን ያውቃሉ?

ጋሼ፦ በጣት ነዋ። ያስተማሩኝ ሰውዬ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ትራሱ ባዶውን ሳለ ቁመቱን ጎኑ ላይ በጠመኔ ያሰምራሉ። ከዚያ ሰው ያስቀምጡና ከመስመሩ ስንት ጣት እንደሰመጠ ይቆጥራሉ። አንድ ጣት ከሆነ «ድንጋይ ነው፣ ፍታው» ይሉኛል። ሦስት ከሆነ ይበቃዋል። ጋት ሙሉ ከወረደ ደግሞ «ይኸ የሳሎን ነው፣ ለፉርጎ አይሆንም» ብለው ያስፈቱኛል። ምክንያቱን ግን አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ያኔ ልጅ መምህሩን እንዲህ አይጠይቅም ነበር።

እኔ፦ ጋሼ፣ እኚያ ሰው የሚለኩት ከሁሉ የሚበልጠውን ቁጥር ነበር። እኔ አምስት ዓመት የተማርኩት ቀመር በጣታቸው ላይ ነበር ማለት ነው።

ጋሼ፦ እንዴት?

እኔ፦ ሞላ ላይ ክብደት አስቀምጠው ነካ ቢያደርጉት ወደ ላይ ወደ ታች ይላል። በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ፣ ማለትም ምቱን፣ ለማወቅ ሽቦውንም ክብደቱንም መመርመር የለብዎትም። ክብደቱ ሲያርፍበት ምን ያህል እንደሰመጠ ማወቅ ብቻ ይበቃል። የሰመጠውን በሳንቲሜትር ይያዙ፣ ስኩዌር ሩቱን ያውጡ፣ 5ን ለዚያ ያካፍሉ። የሚያገኙት ምቱን ነው።

ጋሼ፦ ሦስት ጣት 6 ሳንቲም ነው እንበል።

እኔ፦ የ6 ስኩዌር ሩት ሁለት ተኩል ገደማ። 5 ለሁለት ተኩል ሲካፈል 2። በሰከንድ 2 ምት። አንድ ጣት፣ 2 ሳንቲም ብንለው፣ ሦስት ተኩል ምት ይሆናል። አሁን ይህ ለሰው ገላ ምን ማለት እንደሆነ ልንገርዎት። መንገዱ የሚልከው ንዝረት ከመቀመጫው ምት ጋር እኩል ከመጣ፣ ዥዋዥዌ ላይ ያለን ልጅ በምቱ እንደ መግፋት ነው፤ በየግፊቱ ያድጋል። ሞላው ማስቀረት የሚጀምረው የመንገዱ ንዝረት ከራሱ ምት በ1.4 እጥፍ ሲፈጥን ነው። ከዚያ በታች ያለውን ሁሉ ያሳልፋል፣ ወይም ያባብሳል። ስለዚህ ባለ ሦስት ጣቱ መቀመጫ ከ3 ምት በላይ ያለውን ያስቀርልዎታል። ባለ አንድ ጣቱ ግን ማስቀረት የሚጀምረው ከ5 ምት በኋላ ነው።

ጋሼ፦ በ3 እና በ5 መካከል ምን አለ?

እኔ፦ ወገብ አለ። ቁጭ ያለ ሰው ራሱ ሞላ ነው፣ ጋሼ። ደረትና ሆዱ በዳሌው ላይ የተቀመጠ ክብደት ነው፤ አከርካሪው ደግሞ ሽቦው። የዚያ ሞላ ምት በሰከንድ 5 አካባቢ ነው። ስለ ሰውነትና ንዝረት የወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ ቁጥሩ 2631 የሆነው፣ በ1974 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ከላይ ወደ ታች ለሚመጣ ንዝረት ሰው በጣም ስስ የሚሆነው በ4 እና በ8 መካከል ነው ብሎ ወስኗል። ስለዚህ መቀመጫ የሚነድፍ ሰው ዋና ሥራው ያን ክፍተት መሸፈን ነው። የእኚህ ሹፌር ስፖንጅ ግን በ4 ላይ ያሳድጋል፤ ከሁሉ በከፋው ቦታ።

ጋሼ፦ ቆይ፣ ቆይ። እዚህ ላይ አልስማማም። ስፖንጁም እኮ ሦስት ጣት ነው የሰመጠው። እኔው ራሴ ለክቻለሁ። በአንቺ ስሌት 2 ምት መሆን አለበት።

እኔ፦ ልክ ነዎት፣ እኔም መጀመሪያ የተታለልኩት እዚህ ላይ ነው። የጣቱ ልክ የተሠራው ለሞላ ነው። ብረት ቀስ ብለው ቢጫኑትም በፍጥነት ቢመቱትም አጸፋው አንድ ነው። ስፖንጅ እንደዚያ አይደለም። ሊጥ በጣትዎ ቀስ ብለው ሲጫኑት ይገባልዎታል፣ በጥፊ ሲመቱት ግን ይመክታል አይደል? ስፖንጅም ሰው ቀስ ብሎ ሲቀመጥበት ይወርዳል፤ መንገዱ ቶሎ ቶሎና በጥቂቱ ሲነቀንቀው ግን ይገትራል። በቀዳዳዎቹ ውስጥ ያለው አየርም ቶሎ አይወጣለትም። ስለዚህ እዚህ ቤት ሦስት ጣት የነበረው፣ መንገድ ላይ የአንድ ጣት ያህል ይደርቃል።

ጋሼ፦ ኤዲያ! ጣቴ ዋሸኝ በዪኛ።

እኔ፦ ጣትዎ አልዋሸም፤ ዕቃው ተለወጠበት።

ጋሼ፦ እና እኔ በገዛ እጄ ደህናውን ሞላ ነቅዬ አወጣሁት። አየሽ፣ ያኔ ሦስቱ ተሰብረው ነበር። የተሰበረውን ከመተካት ስፖንጅ መሙላት ይቀላል፤ ሁሉም እንዲያ ያደርጋል። አሮጌዎቹ እዚያ ጆንያ ውስጥ አሉ፤ ለመጣል አልሆነልኝም።

እኔ፦ ዓለም ሁሉ ነው እንደዚያ ያደረገው። የላቴክስ ስፖንጅን ደንሎፕ ያወጣው በ1929 ነው፤ ዛሬ እርስዎ የሚቆርጡትን ፖሊዩሬቴን ደግሞ ጀርመናዊው ኦቶ ባየር በ1937 ጀመረው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ስፖንጅ ቀስ በቀስ ከአብዛኛው መኪና ሞላውን አስወጣው። አሥራ ሁለት ሞላ በሲባጎ ማሰር የሰው ቀን ይበላል፤ ስፖንጅ ግን በቅርጽ ፈስሶ በደቂቃዎች ይወጣል፣ ይቀላል፣ ይረክሳል። ለአስፋልትና ጥሩ ሾክ አብዞርበር ላለው የቤት መኪና ደህና ነው፤ የቀረውን የመኪናው ሞላ ይሠራለታል። ለኤንትሬ ባሌስትራና ለኮረኮንች ግን አልተፈጠረም።

ጋሼ፦ ሞላን መቀመጫ ውስጥ ያስገባው ማነው? እኔማ ከጥንትም ያለ ይመስለኝ ነበር።

እኔ፦ ሁለት መቶ ዓመት ቢሆነው ነው። የቪየናው ወንበር ሸፋኝ ጌኦርግ ዩኒግል በ1822 በብረት ሞላ ለተሠራ ትራስ የባለቤትነት መብት አግኝቷል። በዚያው በ1820ዎቹ ለንደን ውስጥ ሳሙኤል ፕራት የሚባል የጉዞ ዕቃ ሠሪ ደግሞ ባለ ሞላ መቀመጫ አስመዘገበ፤ ያሰበው ለመርከብ ነበር፣ መንገደኛውን ማዕበሉ እንዳያቅለሸልሸው።

ጋሼ፦ ረድቶ ይሆን?

እኔ፦ በጣትዎ ያስሉት። ማዕበል መርከብን አንስቶ ለማውረድ 5ም 10ም ሰከንድ ይፈጅበታል። በ5 ሰከንድ አንዴ የሚመጣውን ለማስቀረት ብቻ ከ12 ሜትር በላይ የሚሰምጥ ሞላ ያስፈልግ ነበር።

ጋሼ፦ አራት ፎቅ! ምስኪን። አሳቡ ግን ደግ ነው፤ የሰው ሕመም አይቶ ነው የተነሣው።

እኔ፦ ባቡር ሲመጣ ግን ያ ደግነት ለሁሉም አልደረሰም። የሊቨርፑልና የማንቸስተር መስመር በ1830 ሲከፈት አንደኛ ማዕረግ ማለት የፈረስ ሠረገላ ገላ በባቡር ጎማ ላይ የተጫነ ነበር፤ ትራስ ነበረው። ድሀው ግን በክፍት ፉርጎ ነው የሚጫነው። ታኅሣሥ 1841 በእነሱ የገና ዋዜማ፣ ሶኒንግ በሚባል ስፍራ የተናደ አፈር ሐዲዱን ዘግቶት ባቡሩ ገባበት። ለንደን ውስጥ የፓርላማውን ሕንፃ ሲሠሩ ቆይተው ለበዓል ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ግንበኞች ጎናቸው ዝቅ ባለ ክፍት ፉርጎ ላይ ነበሩና ተወርውረው ወጡ። ስምንት ሰው እዚያው ሞተ።

ጋሼ፦ ነፍስ ይማር። ቤት ሠርተው፣ በበዓል ዋዜማ።

እኔ፦ ከዚያ በኋላ ነው በ1844 ሕግ የወጣው። በቀን ቢያንስ አንድ ባቡር፣ ለአንድ ማይል ከአንድ ፔኒ በማይበልጥ ዋጋ፣ ከፀሐይና ከዝናብ የሚከልል ጣሪያና መቀመጫ ይኑረው አለ። መቀመጫ ነው ያለው፤ ትራስ አላለም። ኩባንያዎቹም ጣውላ ቸነከሩ።

ጋሼ፦ ስስት ነው?

እኔ፦ ከስስት የከፋ ነው። ዡል ድዩፒ የሚባል ፈረንሳዊ መሐንዲስ በ1849 ነገሩን ገልጦ ጽፎታል። ለሦስተኛው ማዕረግ ጣሪያና ትራስ መጨመር ብዙ አያስወጣም ነበር ይላል። ባዶ የሚተዉት ድሀውን ለመጉዳት ብለው ሳይሆን፣ ለሁለተኛ ማዕረግ መክፈል የሚችለው ሰው ወደ ሦስተኛ እንዳይወርድ ለማስፈራራት ነው። ጣውላው የተነደፈ ነው፣ ጋሼ። አንድ ሰው ተቀምጦ አስቦበት፣ አለመመቸትን ነድፎታል።

ጋሼ፦ ይኸ ነገር አንጀቴን ነው የሚበላው። ያስተማሩኝ ሰውዬም ሲነግሩኝ፣ የጅቡቲው ባቡር ሦስተኛ ማዕረግ ጣውላ ነበር። 784 ኪሎ ሜትር፣ በአንድ ሜትር ስፋት ሐዲድ እየተወዛወዙ። እሳቸው ቀኑን ሙሉ የአንደኛውን ትራስ ሲያስተካክሉ ይውሉና፣ ወደ ቤተሰባቸው ሲሄዱ ግን ጣውላው ላይ ነው የሚቀመጡት። «የሠራሁትን ትራስ የገዛ ገላዬ አያውቀውም» ብለውኛል። እንግሊዞቹስ እንደዚያው ቀሩ?

እኔ፦ አልቀሩም። ሚድላንድ የሚባለው ኩባንያ፣ ሥራ አስኪያጁ ጄምስ ኦልፖርት፣ ጥር 1 ቀን 1875 ሁለተኛ ማዕረግን ሰርዞ ሦስተኛውን በትራስ ሸፈነው። ሌሎቹ ኩባንያዎች ተቆጡ፤ ውሎ አድሮ ግን መከተል ግድ ሆነባቸው። ለእኔ በባቡር ታሪክ ውስጥ ከፈጣኑ ሎኮሞቲቭ ይልቅ ያ ቀን ይበልጣል።

ጋሼ፦ ለእኔም። ጨርቁ ምን ነበር? ጢስና ጥላሸት ባለበት ትራስ መያዝ ቀላል አይደለም።

እኔ፦ ከፈይ ነበር፣ ከሥሩ የፈረስ ፀጉር። አሜሪካ ደግሞ ለአጭር መንገድና ለከተማ ባቡር ራታን ለመዱ፤ እንደ ሐረግ የሚተጣጠፍ፣ ከሩቅ ምሥራቅ የሚመጣ ነው። ሳይረስ ዌክፊልድ የሚባል ነጋዴ በ1844 ቦስተን ወደብ ላይ፣ የመርከብ ጭነት እንዳይንከባለል መደገፊያ ሆኖ መጥቶ የተጣለ ራታን አይቶ ነው ሥራውን የጀመረው። ኋላ ኩባንያው ራታን እንደ ጨርቅ እየሸመነ የባቡር መቀመጫ ያለብስ ጀመር። ሞላው ከሥር፣ ራታኑ ከላይ። አቧራ አይዝም፣ በውኃ ይታጠባል፣ በበጋ አያልብም።

ጋሼ፦ ብልህ ነው። እኔ ግን የፈረስ ፀጉሩ ነው የሚገርመኝ። ሰውዬው «ሞላ ብቻውን ዕብድ ነው፣ ፀጉር ያረጋጋዋል» ይሉ ነበር።

እኔ፦ እሱም ትልቅ ነገር ነው! ብረት የተቀበለውን ጉልበት መልሶ ይሰጣል፤ አንዴ ከተነካ መዝለሉን አይተውም። ፀጉሩ እርስ በርሱ ሲፋተግ ያን ጉልበት ይበላዋል። በባቡር ላይ ይህ የግድ ነበር። በአሜሪካ አንድ ሐዲድ ርዝመቱ 39 ጫማ ነበር፣ 12 ሜትር ገደማ፤ በ40 ጫማ ፉርጎ ተጭኖ እንዲሄድ ብለው ነው የወሰኑት። ጎማው በየመጋጠሚያው ቀጭ ይላል። ባቡሩ በሰዓት 86 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ ያ ድምፅ በሰከንድ ስንት ጊዜ የሚመጣ ይመስልዎታል?

ጋሼ፦ እንጃ። 3?

እኔ፦ ልክ 2።

ጋሼ፦ የሦስት ጣቱ ምት!

እኔ፦ ስለዚህ ከፉርጎው ሥር ያለው ትልቁ ሞላ አብዛኛውን ባያስቀርና ፀጉሩ ባያበርደው ኖሮ፣ ጥሩ የተባለው መቀመጫ በዚያ ፍጥነት መንገደኛውን ያንጥረው ነበር። መቀመጫ ብቻውን አይነደፍም የምልዎት ለዚህ ነው። ጎማው፣ ባሌስትራው፣ ትራሱ፣ የሰውየው ወገብ፤ አራቱ ሞላዎች በአንድ ገመድ የታሰሩ ናቸው።

ጋሼ፦ አምስተኛውን ረሳሽው። ልኩን። ሞላው የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ ትራሱ ወደ ፊት ከረዘመ አጭር ሰው ጉልበቱ ሥር ይቆርጠዋል። እግሩ ይደነዝዛል። እንዳይደነዝዝ ወደ ፊት ሸርተት ብሎ ይቀመጣል፤ ያኔ ወገቡ ከመደገፊያው ይርቅና ባዶ አየር ላይ ይቀራል። አገር አቋራጭ አውቶቡስ ላይ እግራቸው ወለሉን ሳይነካ ቀኑን ሙሉ ተንጠልጥለው የሚሄዱ እናቶች አላየሽም? መቀመጫው ለማን ተለክቶ እንደተሠራ እግዜር ይወቅ።

እኔ፦ እርስዎ የሚሉትን አንድ ሰው በትልቁ ሠርቶታል። ያ የራታን ኩባንያ ከሌላ ጋር ተዋህዶ ሄይውድ ዌክፊልድ ተብሎ ነበር። የሃርቫርዱን የሰው አካል ተመራማሪ ኧርነስት ሁተንን ቀጠረ። እሱም በቦስተንና በቺካጎ የባቡር ጣቢያዎች መለኪያ ወንበር አቁሞ ባቡር የሚጠብቀውን ሰው እያስቀመጠ ለካ፤ ወንዱንም ሴቱንም፣ ከ3,800 በላይ ሰው። የዳሌ ስፋት፣ ከጉልበት እስከ እግር መዳፍ፣ ከጀርባ እስከ ጉልበት፣ የትከሻ ከፍታ። ውጤቱ በ1945 መጽሐፍ ሆኖ ወጣ፤ የባቡር መቀመጫም በዚያ ተነደፈ።

ጋሼ፦ ጣቢያ ላይ! እንዴት ያለ ሰው ነው። ላብራቶሪ ጠርቶ አይደለም፤ እዚያው የሚሳፈረውን።

እኔ፦ አማካዩን ወስዶ ለሁሉም አንድ ልክ መስጠትም አይበቃም። የመቀመጫ ከፍታና ርዝመት ለአጭሩ ይታሰባል፤ ስፋት ለሰፊው። አጭር ትራስ ረጅሙን ሰው ብዙ አይጎዳውም፣ ረጅም ትራስ ግን አጭሯን ሴት ያሠቃያታል። እኔ እዚህ አገር ሥልጣን ቢኖረኝ መጀመሪያ የማደርገው ያንን ነው፦ ትልቁ አውቶቡስ ተራ መለኪያ ወንበር ይዞ መቆም። ከሌላ አገር ሰው ልክ ጋር የመጣን መቀመጫ ዝም ብለን ቀድተን ስንገጥም ያሳዝነኛል።

ጋሼ፦ ወንበሩን እኔ እሠራልሻለሁ። ከልቤ ነው የምልሽ፤ ቱቦላሬ አለኝ፣ ተንሸራታች ሜትር እንገጥምበታለን። አሁን ግን የዚህን ሰውዬ ወገብ ንገሪኝ። አዲሶቹ ከባድ መኪኖች ከትራሱ ሥር እንደ መቀስ የሚታጠፍ እግር ያለው መቀመጫ አላቸው። እሱስ?

እኔ፦ ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። ምቱን ወደ 1 ለማውረድ ስንት መስመጥ እንዳለበት ያስቡ፤ 25 ሳንቲም፣ ከስንዝር ያልፋል። ትራስ ስንዝር ሙሉ ቢሰምጥ ሹፌሩ መሪው ሥር ይገባል። ስለዚህ ሞላውን ከትራሱ አውጥተው ከሥር አደረጉት፤ አስቀድሞ በሹፌሩ ክብደት ልክ ወጥረው። ሰውየው ሲቀመጥ ሞላው ክብደቱን ቀድሞ ይዞለታልና መሪውና ፔዳሉ ልኩ ላይ ይቀራሉ። አብዛኞቹ ከ2 ምት በታች ናቸው። ጎኑ ላይ ኪሎ የተጻፈበት ማዞሪያ አለ አይደል?

ጋሼ፦ አለ። እዚህ የሚመጡት ሁሉ በአቧራ የተጣበቁ ናቸው። ማንም አይነካውም።

እኔ፦ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ለ120 ኪሎ በተወጠረ መቀመጫ ላይ ሲቀመጥ ሞላው ላይኛው ማቆሚያ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ጣውላ ማለት ነው። እባክዎ የሚመጣውን ሁሉ ቅባት ቀብተው፣ ሹፌሩን አስቀምጠው፣ እጁን ይዘው ማዞሪያውን ያሳዩት።

ጋሼ፦ ከዛሬ ጀምሮ። ለኤንትሬው ግን ያ እግር አይገጥምም፤ ከወለሉ እስከ ትራሱ ያለው ቦታ አይበቃም፣ ዋጋውም አይቀመስም። ሞላውን ልመልስለት ነው። ዘጠኙ ደህና ናቸው፣ ሦስት መጠቅለል አለብኝ። ችግሩ ሽቦ ነው። የድሮው 3.5 ሚሊ ነው፤ ገበያ ያገኘሁት ጠንካራ ሽቦ 4 ሚሊ ብቻ። ግማሽ ሚሊ ምን ያመጣል ብዬ ነበር።

እኔ፦ ብዙ ያመጣል። የሽቦ ውፍረት በራሱ አራት ጊዜ ተባዝቶ ነው የሚገባው። ከ3.5 ወደ 4 ሲሄዱ ሞላው 1.7 እጥፍ ይገትራል። ሦስቱ ግትሮች አንድ ጎን ላይ ቢሆኑ ሰውየው ተጋድሞ ነው የሚነዳው።

ጋሼ፦ ዙር ልጨምርበታ። የድሮው 5 ዙር ነው።

እኔ፦ በዙር ለማካካስ 8 ተኩል ዙር ያስፈልግዎታል፤ በዚያ ቁመት ሲጫኑት ዙሮቹ ቶሎ ይነካካሉ። ማስፋት ይሻላል። የሞላው ስፋት ደግሞ በራሱ ሦስት ጊዜ ተባዝቶ ነው የሚያለሰልሰው። የድሮው ከሽቦ መሀል እስከ ሽቦ መሀል ስንት ነው?

ጋሼ፦ ያንን ሜትር አቀብዪኝ... 8 ሳንቲም።

እኔ፦ ስለዚህ 9 ሳንቲም ከ5 ሚሊ ያድርጉት፣ በ5 ዙር። ከድሮዎቹ ጋር እኩል ይሰምጣል።

ጋሼ፦ 9 ከ5 በሆነ ቧንቧ ላይ ብጠቀልለው ግን 9 ከ5 ሆኖ አይወጣም። ጠንካራ ሽቦ ከቧንቧው ስትለቂው ይከፈታል፤ አንድ ግማሽ ሳንቲም ይሰፋብሻል። ይኸን ትምህርት ቤት ነግረውሻል?

እኔ፦ ነግረውኛል፣ ስንት እንደሚከፈት ግን አላውቅም።

ጋሼ፦ እኔ አውቃለሁ። በሩ ጀርባ ሦስት ቧንቧ ቆሟል፤ መሀለኛውን፣ ባለ 8 ተኩሉን አምጪው። ስትመለሺ ጠመኔውንም ያዢ።